ከእቅድ ውጪ የተንሳፈፈው ድንጋይ

የዓለም የሳይንስ ታሪክ አንድ ቀን እንደሚገባው የተጻፈ እንደሆነ፣ የእኛ ትምህርት ቤት ያስገኘው ግኝት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ እንደሚሰፍር ቅንጣት ታህል አልጠራጠርም። ግኝቱም ይህ ነው፦ ድንጋይ የሚሰምጠው ክብደት ስላለው ሳይሆን ውሳኔ ስለተላለፈበት ነው። ይህን በወሬ ሰምቼ አይደለም የማወራው። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ግቢ የተባለ ሁሉ በእኔ እጅ ተጽፏል። ዛሬም ድረስ እስክሪብቶ አልነካም፤ የምጽፈው በብልቃጥ ቀለም ነው። መዝገቡን ያየ ሁሉ የእጅ ጽሑፌን አድንቆ ይሄዳል። አንብቦ አስተያየት የሰጠኝ ግን እስካሁን የለም።

የሥራዬ መርህ አንድ ነው፦ በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ነገር አልሆነም። ከዓመታት በፊት የአራተኛ ክፍልን ጣሪያ ነፋስ ገንጥሎ ወስዶት ነበር። ስብሰባ ስላልተጠራበት ጣሪያው በሕግ ፊት እንዳለ ቆየ፤ ልጆቹም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ጣሪያ ባለው ክፍል ውስጥ ጃንጥላ ይዘው ተማሩ። ሥርዓት ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሳ። ባለፈው ዓመት ከበላይ አካል አንድ መመሪያ መጣልን። የዝቅተኛ ክፍሎች የሳይንስ ትምህርት ከእንግዲህ በተግባር ይሰጥ፣ ልጆች በእጃቸው እየነኩ ይማሩ ይላል። ርእሰ መምህራችን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት። እሳቸው ከበላይ የመጣ ወረቀት ተቀምጠው አያነቡም። ከበላይ የመጣ ሰው ሲናገር ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አይጠብቁም፤ ገና አፉን ሲከፍት ራሳቸውን በአዎንታ መነቅነቅ ይጀምራሉ። አንድ ኃላፊ በጉብኝት መሀል ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቃቸው እንኳ ነቅንቀውለታል። ሰውየው መልሱን ሳያገኝ ሄደ፤ አክብሮቱን ግን አግኝቷል።

ከመመሪያው ጋር አንድ ትልቅ ሳጥን አብሮ መጣ። ማጉሊያ መነጽር፣ ማግኔት፣ ትንንሽ ሚዛን፣ የመስታወት ብልቃጥ፣ ሁሉም በጥጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ሳጥኑን ተረከበ። ይህን ሰው ሁላችንም "ቁልፌ" ነው የምንለው፤ ወገቡ ላይ አርባ ሦስት ቁልፍ ስለሚያንጠለጥል ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ቁልፌ ዕቃውን አንድ በአንድ መዘገበ፣ ቁጥር ለጠፈበት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት፣ በሩ ላይም "መንካት ክልክል ነው" ብሎ በቀይ ጻፈ።

ርእሰ መምህሩ አመሰገኑት። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ልጆች እንዲነኩት የመጣን ዕቃ ልጆች ከነኩት ይሰበራል፣ ከተሰበረ ደግሞ ልጆች ምን ሊነኩ ነው? ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ያህል የተግባር ትምህርቱ የተሰጠው እንዲህ ነበር፦ ልጆቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሰልፍ ይመጣሉ፣ በንብረት ክፍሉ መስኮት ቁም ሳጥኑን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። አንዳንድ ረዘም ያሉት ልጆች የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ጭምር አይተዋል። እኔም በሪፖርቱ ላይ መቶ ሰማንያ ሁለት ልጆች በተግባር መማራቸውን በሰማያዊ ቀለም አሰፈርኩ።

እንከን ከተባለ እንከናችን የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነበረች። ልጅቷ አዲስ ናት፤ ከስድስት ወሩ የቅጥር ሙከራ ጊዜዋ አምስቱን ጨርሳለች። እናቷን ይዛ በአንዲት ክፍል ኪራይ ቤት እንደምትኖር፣ ቋሚ የምትሆንበትን ደብዳቤም ቀን እየቆጠረች እንደምትጠብቅ ሁላችንም እናውቃለን። ትጉህ ናት፣ ሰው አክባሪ ናት። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን ነበረባት፤ መመሪያውን አምናዋለች። ቁም ሳጥኑ እንደማይከፈት ስታውቅ የራሷን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከቤቷ ተሸክማ መጣች፤ ከግቢው ቧንቧ ውኃ ሞላችበት። ከዚያ ልጆቹ ከየቤታቸው አንዳንድ ነገር እንዲያመጡ ነገረቻቸው። የሚሰምጠውንና የሚንሳፈፈውን አስቀድመው ይገምታሉ፣ በእጃቸው ይጥላሉ፣ ያዩትን በደብተራቸው ይጽፋሉ።

ከእነዚያ ልጆች አንዷ የእኔ ልጅ ናት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ውኃ ያለበት ዕቃ ሁሉ የምርምር ጣቢያ ሆነ። ማበጠሪያዬ ተንሳፈፈ። የቤታችን ቁልፍ ሰመጠ። የእናቷን ስልክ ባልዲው አፍ ላይ ደርሰን ነው ያተረፍነው።

እዚህ ላይ ስለ እቅዱ መናገር አለብኝ፤ ያለ እቅድ ምንም አይገባም። ርእሰ መምህሩ ለዚያ ትምህርት ያዘጋጁት፣ እኔ የገለበጥኩት፣ ማኅተም ያረፈበትና ለበላይ አካል የተላከው እቅድ "ድንጋይ መቶ በመቶ ይሰምጣል፤ እንጨት መቶ በመቶ ይንሳፈፋል" ይላል። ጸድቋልም። እንጨቱ ኃላፊነቱን ተወጣ። ድንጋይ ያመጡት ልጆች ሁሉ ድንጋያቸው ሰመጠ። የእኔዋ ጉድ ግን ማንንም ሳታስፈቅድ የእናቷን የእግር መፈግፈጊያ ድንጋይ ይዛ ሄዳ ኖሯል። ያንን ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበትን፣ ሁሉም ቤት መታጠቢያ አጠገብ የማይጠፋውን ድንጋይ። ጣለችው። ቁጭ ብሎ ተንሳፈፈ።

አርባ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲጮህ ግቢው ተናወጠ። መምህርቷ መጮህ ሲበቃቸው ያያችሁትን ጻፉ አለቻቸው። ልጄ "ድንጋዩ ተንሳፈፈ" ብላ ጻፈች፤ አጠገቡም ፈገግ የሚል ድንጋይ ሳለች። ቁልፌ በዚያ ሲያልፍ በመስኮት አይቶ ኖሮ፣ እየተንቃጨለ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲሮጥ ሰማሁት። እኔም ቀለሜን ይዤ ተከተልኩ።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ ርእሰ መምህሩ፣ ቁልፌ፣ እኔ፣ እና እጅ ለማውጣት የሚመጡ ሁለት አባላት። ድንጋዩም ጠረጴዛው ላይ በአካል ቀርቦ ነበር፤ ሐሳብ ግን አልሰጠም። ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ድንጋይ ብዙ ዘመን ውኃ ውስጥ ቢኖር ዋና አይለምድም ተብሎ የተተረተው በከንቱ እንዳልሆነ፣ ከአባት ከእናት የወረስነውን እውቀት አንድ የተረከዝ ድንጋይ በአንድ ጠዋት ሊሽረው እንደማይችል አስረዱ። ቁልፌ ደግሞ ድንጋዩ በዋናው በር ሲገባ የመግቢያ ወረቀት እንዳልተቆረጠለት ገለጠ። ወረቀት ከሌለው አልገባም፤ ያልገባ ነገር ደግሞ ግቢ ውስጥ ሊንሳፈፍ አይችልም። እንዲህ ያለ የጠለቀ ሐሳብ በየቀኑ አይገኝምና ሳላሳጥር ጻፍኩት።

ሆኖም ኮሚቴው ፍትሐዊ ስለሆነ ድንጋዩ ራሱን እንዲያርም ዕድል ይሰጠው ተባለ። ባልዲ መጣ። ድንጋዩ ተንሳፈፈ። ርእሰ መምህሩ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ሰመጠ። ጣታቸውን አነሱ፤ ወጣ። ደግመው ተጫኑት፤ ሰመጠ። አራት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ በሙሉ ድምፅ እንዲህ ተወሰነ፦ "ድንጋዩ ተገቢው ድጋፍና ክትትል ሲደረግለት የሚሰምጥ መሆኑ ተረጋግጧል።"

ከዚያ መምህርቷ ተጠራች። ቆማ ነበር፤ እጇ ላይ ገና ውኃ አለ። ርእሰ መምህሩ እንደ አባት ለስለስ ብለው ጀመሩ።

"ልጄ፣ አርባ አንዱም ደብተር ላይ 'ሰመጠ' ተብሎ ይስተካከል።"

"ልጆቹ እኮ አይተውታል" አለች።

"ልጆች ያያሉ። አዋቂ ግን ያውቃል።"

"ያያችሁትን ጻፉ ብዬ ነው ያስተማርኳቸው። ዛሬ ያላያችሁትን ጻፉ ብላቸው፣ ነገ በምን አፌ አስተምራቸዋለሁ?"

ቁልፌ እንኳ አልተንቃጨለም። ርእሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞረው ጻፍ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ከዐሥር ቀን በኋላ ከበላይ አካል ጎብኚ እንደምትመጣ፣ ትምህርቱም በእሷ ፊት እንደሚደገም፣ ይኸው ድንጋይ በእንግዳዋ ፊት ያልሰመጠ እንደሆነ የመምህርቷ የሙከራ ጊዜ ያለ ተጨማሪ ውይይት እንደሚቋረጥ። አምስት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም። ያቺን ገጽ በጣም አሳምሬ ነው የጻፍኳት። ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

እራት ላይ ልጄ፣ ቲቸር ትሄዳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወሬው ከእኔ በፊት ቤት ገብቷል ማለት ነው። ድንጋዩ ከሰመጠ አትሄድም አልኳት። ማንኪያዋን አስቀምጣ ብዙ አሰበች፤ ከዚያ "እሱ ግን አይሰምጥማ" አለችና መብላት ተወች። እኔም አልበላ አለኝ።

ባለቤቴ ሳህኑን እያነሳች ምን ብለህ ጻፍክ አለችኝ። ነገርኳት።

"አንተ ሰውዬ" አለች፣ "አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እግርህን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈህ፣ ያ ድንጋይ እየተንሳፈፈ ጉልበትህን ሲነካህ በእጅህ ገፋ እያደረግከው ጋዜጣ ታነባለህ። አንድ ቀን አላየኸውም?"

ለካ እውነቷን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ዓይኔ ሥር ሲንሳፈፍ አላየሁትም። ምን ላድርግ፣ ስብሰባ አልተጠራበትም። ባለቤቴ በዚህ መልስ አልረካችም። ለማንኛውም ድንጋዬን እስከ ቅዳሜ አምጣልኝ፣ ተረከዜ ኮሚቴ አይጠብቅም ብላ ሄደች።

ዝግጅቱ ቀጠለ። ርእሰ መምህሩ ድንጋዩ የወጣው ከአንተ ቤት ነውና የምታስተካክለውም አንተ ነህ አሉኝ። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከአበባው መደብ ዙሪያ እሱን የሚመስል እውነተኛ ድንጋይ ፈልጌ በቦታው እተካለሁ። እኔም ተቀበልኩ። የተቀበልኩት ግን ለእሳቸው እቅድ ብዬ አልነበረም፤ ያ ምትክ ድንጋይ ከሰመጠ መምህርቷ ደብዳቤዋን ታገኛለች፣ ልጄም ትበላለች ብዬ ነው። ለመምህርቷ ግን አልነገርኳትም። ብነግራት እንደማትስማማ አውቀዋለሁ።

ልጆቹን ደግሞ ርእሰ መምህሩ ራሳቸው አሠለጠኑ። እሳቸው እጃቸውን ሲያነሱ ልጆቹ ሁሉ "ሰመጠ!" ይላል። ውኃ እንዳይባክን ልምምዱ ያለ ሳፋ ነበር፤ ድንጋይም አላስፈለገም። ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተለማመዱ። ከብቃታቸው የተነሳ እርሳስ ወለል ላይ ሲወድቅ ክፍሉ በሙሉ "ሰመጠ!" ይል ጀመር። አንድ ልጅ ቤቱ አያቱ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንደዚያ ብሎ ተቆጡት አሉ።

ቀኑ ደረሰ። እንግዳዋ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ እጃቸው ላይ ከአንድ ማስታወሻ ደብተር በቀር ምንም የለም። ርእሰ መምህሩ ከበር ጀምሮ እየነቀነቁ አስገቧቸው። ሴትየዋ ገና ምንም አላሉም። ሳፋው መሀል ተቀምጧል፣ ልጆቹ ዙሪያውን ከበዋል፣ መምህርቷ ፊቷ ገርጥቷል። እኔ መዝገቤን በብብቴ ሸጉጬ ጥግ ቆሜያለሁ። እውነተኛውን ድንጋይ ከመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አንስቼ ምትኩን ያኖርኩት ጠዋት ነው፤ ለባለቤቴ ልመልስላት ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ርእሰ መምህሩ ስለ እጅና ስለ እውቀት ለሃያ ደቂቃ ንግግር አደረጉ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የልጆቹ እጅ ወደ ኋላ ተጣምሮ ነበር። ከዚያ ልጄ ተጠራች። ድንጋዩን አነሳችው። አልጣለችውም፤ በእጇ መዘነችው፣ ገልብጣ አየችው።

"ይሄ የእማዬ ድንጋይ አይደለም" አለች። "ይሄ ይከብዳል።" ዞር ዞር አለችና እኔን አየች፣ ከእኔም ያበጠውን የኮቴን ኪስ። "የእማዬ ድንጋይ አባዬ ኪስ ውስጥ ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እንግዳዋ በትሕትና እጃቸውን ዘረጉልኝ። ርእሰ መምህሩን አየሁ፤ እሳቸው እንግዳዋ ስለተንቀሳቀሱ እየነቀነቁ ነው። አወጣሁና ሰጠሁ። ልጄ ተቀብላ ጣለችው። ድንጋዩ አንዴ ጠለቅ ብሎ ብቅ አለና እንደ ልማዱ ተንሳፈፈ። ርእሰ መምህሩ ደንግጠው እጃቸውን አነሱ።

"ሰመጠ!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ድንጋዩ እዚያው ይዋልላል። እንግዳዋ ወደ ሳፋው ጎንበስ ብለው አዩ፣ ልጆቹን አዩ። ምን አያችሁ ብለው ጠየቁ። "ሰመጠ!" አሉ ልጆቹ፤ ድምፃቸው ግን አነስ ብሏል፤ ዓይናቸውም ድንጋዩ ላይ ነው። መምህርቷ ያቺ የቃለ ጉባኤ ገጽ ምን እንደምትል ታውቃለች፣ ድንጋዩ ሰመጠ ከተባለ ሥራዋ እንደሚተርፍላትም ታውቃለች። ዝም ብትል ማን ይፈርድባት ነበር?

"ልጆች" አለች፣ "ያያችሁትን ተናገሩ።"

"ተንሳፈፈ" አለች ልጄ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም።

ርእሰ መምህሩ ላባቸውን ጠርገው፣ ይህ ጊዜያዊ ሁኔታ መሆኑን፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ታይቶ ድንጋዩ እንደሚሰምጥ ከነፊርማው መወሰኑን አስረዱ፤ ማስረጃውም ይኸው በጸሐፊው እጅ ይገኛል ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። መዝገቡን ከብብቴ አወጣሁ። ልጄ አየችው። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ስልኩን ባልዲው አፍ ላይ ያየሁት ቀን የነበረ ዓይን ነው።

"እሱስ ይሰምጣል?" አለች።

እንግዳዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉና፣ እውነት ነው፣ እኔም አላውቅም፣ ትሞክረው እንዴ ብለው ወደ ርእሰ መምህሩ ዞሩ። ገና "እውነት" ሲሉ ርእሰ መምህሩ መነቅነቅ ጀምረዋል። አለቃ ከነቀነቀ ጸሐፊ ምን ይላል? ሰጠኋት። የአሥራ ስድስት ዓመት የእጅ ጽሑፌን።

መጀመሪያ ተንሳፈፈ፤ እንዲያውም በኩራት። ከዚያ ገጾቹ ተከፈቱ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሰማያዊው ቀለም እንደ ጭስ ወጥቶ ሳፋውን ሞላው። ጫፉ ዘመመ፤ ዘመመና ቀስ ብሎ ወረደ። ቁልፌ ሊይዘው እጁን ሲሰድ ቁልፎቹ ውኃ ውስጥ ገቡ፤ እነሱም ይሰምጣሉ። ልጄ ተቀምጣ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ ጎንበስ ብዬ አነበብኩት፦ "መዝገብ። መጀመሪያ ተንሳፈፈ። ቆይቶ ሰመጠ።" በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ አጭርና እውነተኛ ቃለ ጉባኤ ጽፌ አላውቅም።

እንግዳዋ ሲሄዱ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ "ድንጋይ ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። ጥሩ ትምህርት ነው" ብለው ፈረሙ። ርእሰ መምህሩ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ እኔ የመዝገቡን ቅጠሎች አጥሩ ላይ እያሰጣሁ ነበር። በመምህርቷ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ዛሬውኑ ይፈጸም፣ ገጿን ፈልግልኝ አሉኝ። ጽሑፉ ታጥቦ ሰማያዊ ብቻ የሆነ ቅጠል አሳየኋቸው። ትዝ የሚልህን እንደገና ጻፋ አሉ።

እጄ ብዕሩን ይዞ ነበር። ቃል በቃል ትዝ ይለኛል፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር። አጥሩ ማዶ ልጆቹ መምህርቷን ከበው ሳፋውን ሲደፉ ይሰማል።

"ክቡር ርእሰ መምህር" አልኩ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ "በቃለ ጉባኤ ያልሰፈረ ነገር አልሆነም። እንደዚያ ያለ ስብሰባ ተደርጎ አያውቅም።"

ለካ ድምፄን እንደ በላይ አካል አድርጌ ነበር የተናገርኩት። ነቀነቁ።

መምህርቷ በወሩ ቋሚ ሆነች። ድንጋዩ ግን እንግዳዋ በጽሑፍ ስላመሰገኑት የትምህርት ቤቱ መኩሪያ ሆኖ በሕግ መመዝገብ ነበረበት። አዲስ መዝገብ ተገዛ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እኔው ራሴ ያየሁትን "ድንጋዩ ተንሳፈፈ" ብዬ ጽፌ ለፊርማ አቀረብኩ። ርእሰ መምህሩ ቆመው አነበቡት፤ ብዕራቸውን አንስተው ቆም አሉ።

"በስንት ድምፅ?" አሉኝ።

"በሙሉ ድምፅ" አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ፈረሙ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንጋዩ በሕጋዊ መንገድ ይንሳፈፋል። ቁልፌ ቁጥር ለጥፎበት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ስለቆለፈበት ግን ውኃ ካየ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለቤቴም እስካሁን ድንጋዬን አምጣ ትለኛለች።